ዋና የማይችል ቤተሰብ ሞምባሳ ሄዶ ምን ይሠራል?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ባለቤቴ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሀገር ውጪ ለእረፍት እንውጣ ብሎ ሞምባሳን መረጠ። ለአንድ ሳምንት ነው። ነሐሴ ላይ ብለናል፤ ቲኬት ግን ገና አልቆረጥንም። ሁለት ልጆች አሉን፤ ወንዱ 15 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 8። እናቴም አብራን ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታን ደግሞ አጉድላ አታውቅም። ከአምስታችን ዋና የሚችል አንድም ሰው የለም። ባለቤቴ «ሁሉ ነገር የተከፈለበት ሆቴል ገብተን እንተኛ» ይላል። እኔ ግን ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት በሁለተኛው ቀን ይሰለቸናል ብዬ ፈርቻለሁ። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተን ልጁ ስልኩን ይዞ አልጋ ላይ ሊውል ነው። ምን ትመክሪናለሽ?

ሰ.፣ ከሰሚት

እህቴ ሰ.፣

ከፍርሃትሽ ልጀምር። ባህሩ ይሰለቻችኋል ብዬ አላስብም። ሆቴሉ ግን ሊሰለች ይችላል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሞምባሳ ላይ ባህሩን ጠዋት ያየሽበት ቦታ ከሰዓት በኋላ አታገኚውም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ በሞላችበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል። አሸዋውን ሁሉ ሸፍኖ የነበረው ውሃ ርቆ ይሄድና ወለሉን አራቁቶት ታገኚዋለሽ። በየጎድጓዳው ትናንሽ ዓሦች ይቀራሉ። ሸርጣኖች ይሯሯጣሉ። የስምንት ዓመት ልጅ እዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ትቆያለች፤ አንቺ ነሽ «በቃ እንሂድ» የምትዪው።

ዋና ስለማትችሉም አትሳቀቂ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ የኮራል ሪፍ የሚባል የባህር ውስጥ የድንጋይ አጥር አለ። ትልቁን ማዕበል የሚሰብረው እሱ ነው። ከሪፉ ወዲህ ያለው ውሃ ባህሩ ሲጎድል ብዙ ቦታ ላይ ከጉልበት አያልፍም። ለብ ያለም ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱን ማወቅ ነው። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ ስትሆን ባህሩ ረፋድ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ይሸሻል፣ ወደ አስር ሰዓት ገደማ መልሶ ይሞላል። ሩብና ሦስት ሩብ ጨረቃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። የየቀኑ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ሆቴሎችም ይለጥፉታል። ይህን ሥራ ለልጅሽ ስጪው። ስልኩን ካልለቀቀ፣ ስልኩ ላይ የሚሠራው ነገር ይኑረው። «ነገ ስንት ሰዓት እንውጣ?» ብላችሁ የምትጠይቁት እሱን ይሁን።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፣ ቲኬት አልቆረጥንም ስላልሽ። ነሐሴን ተዉት ባይ ነኝ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አድርጉት። ልጆቹ ትምህርት ጨርሰዋል፣ ፍልሰታ አልገባም፣ አዲስ አበባ ደግሞ በዝናብና በጭቃ ላይ ናት። ሞምባሳ በዚያን ጊዜ ከዓመቱ ቀዝቀዝ የምትልበት ወቅት ላይ ናት። ከባዱ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አልፏል፤ ሙቀቱም ከ30 ዲግሪ በታች ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ብትሄዱ ኖሮ እናትሽ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር አይነሱም ነበር። ነሐሴ ላይ የኬንያ ተማሪዎች እረፍት ይወጣሉ፤ አውሮፓውያኑም በብዛት ይመጣሉ። ሆቴሉ ይወደዳል፣ ዳርቻው ይጨናነቃል። ባለቤትሽ ፈቃዱን ማዛወር ካልቻለ ግን አታስጨንቂው። እናትሽ እዚያ ጾመው አይቸገሩም፤ ወደኋላ እነግርሻለሁ።

ሁሉ ነገር የተከፈለበት ሆቴል ለናንተ አይሆንም። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መጠጥ ሁሉ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። እናትሽ የማይበሉትን ሥጋና አይብ ከፈላችሁ ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ «ከፍለንበት የለ እንዴ» እያላችሁ ለምሳ ስትመለሱ ከተማዋን ሳታዩ ትወጣላችሁ። እኔ ብሆን ኒያሊ ወይም ባምቡሪ አካባቢ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ እከራይ ነበር። ሁለቱም ከደሴቷ በኒያሊ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ናቸው፤ ኒያሊ ለከተማው ይቀርባል። አዎ፣ ሞምባሳ መሀል ከተማዋ ደሴት ናት፤ ብዙ ሰው ሄዶ ካላየ አያውቅም። ባለቤትሽም ግን እውነት አለው። ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው መተኛት አለበት። አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች የቀን መግቢያ ከፍለሽ ገንዳቸውንና ዳርቻቸውን እንድትጠቀሚ ይፈቅዳሉ። አንድ ቀን ለእሱ ስጡት። ከዣንጥላው ሥር ይተኛ፣ ማንም አይቀስቅሰው።

ለቀሩት ቀናት አንድ ደንብ ብቻ ያዙ፦ በቀን አንድ ነገር። ጠዋት በማለዳ ውጡ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ ከዘጠኝ በኋላ እንደገና ውጡ። ሙቀቱ ከአዋሽ ወይም ከድሬዳዋ ይለያል፤ እርጥበት ስላለው ላብ አይደርቅም። ሰው ሳያስበው ይደክማል። በቀን ሦስት ቦታ ለማየት የሚሞክር ቤተሰብ በሦስተኛው ቀን መኪና ውስጥ ይጣላል።

እናትሽን የሚያስደስት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት በኋላ ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። የባጃጅ ሹፌር በስዋሂሊ «ሦስት ሰዓት» ካለ የኛው ሦስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ይዞራል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገራችሁ አስቡ።

የመጀመሪያውን ሙሉ ጠዋት ለፎርት ጂሰስና ለአሮጌው ከተማ ስጡ። በር ሲከፈት ግቡ። ምሽጉን ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት ጀመሩ፤ ንድፉን ያወጣው ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ የተጋደመ ሰው ቅርጽ አለው። ከ1696 እስከ 1698 የኦማን አረቦች ከበውት ቆዩ። ውስጥ ያሉት በረሃብና በበሽታ አለቁ፣ ምሽጉም ተያዘ። ከበባውን ሊሰብር የመጣ አንድ የፖርቱጋል መርከብ እዚያው ፊት ለፊት ሰጥሟል፤ ጠላቂዎች ያወጡት ዕቃ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። በኋላ እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 መዝግቦታል።

ይህን ታሪክ ለእናትሽ ስትነግሪያቸው አንድ ነገር ጨምሪበት። የፖርቱጋልን ነገር እኛም እናውቀዋለን። ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ወታደሮቹን ይዞ በ1541 ምጽዋ የወረደው ይህ ምሽግ ሳይሠራ በፊት ነው። ሌላም አለ። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን ተነሣባቸው። ልጅ ሳለ ጎዋ ወስደው ክርስትና አስነሥተው፣ ዶን ጀሮኒሞ ብለው ያሳደጉት ሰው ነው። ተመልሶ ምሽጉን ያዘ፤ አዛዡንም ገደለ። በ1633 ደግሞ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ከሀገር አስወጡ። ሁለቱ ነገሥታት አይተዋወቁም። ግን ልጅሽ የታሪክ ፈተና ላይ የሸመደደው ነገር የምሽግ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሲሰማው ሌላ ነው።

ምሽጉ ውስጥ ደረጃውና መሬቱ ይጎረብጣል። እናትሽ ላይ ድረስ መውጣት የለባቸውም፤ ግቢው ውስጥ ጥላ አለ። በሩ ላይ አስጎብኚ ነን የሚሉ ይከቧችኋል። አስጎብኚ መያዝ ጥሩ ነው፤ ዋጋውን ግን ከመግባታችሁ በፊት ቁርጥ አድርጉ።

ከምሽጉ ወጥታችሁ በእግር አሮጌው ከተማ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በሮቹ ተቀርጸው የተሠሩ ናቸው፣ ሰገነቶቹ ወደ መንገዱ ወጣ ብለዋል። ሰው የሚኖርበት ሰፈር መሆኑን አትርሱ። ሴቶች ትከሻና ጉልበት ቢሸፍኑ ይከበራሉ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ልጆቹ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያገኙ «ሺካሞ» ይበሉ፤ ለታላቅ የሚሰጥ የአክብሮት ሰላምታ ነው። አዛውንቱ ሁሉ ፊታቸው ይበራል።

እዚያ ሰፈር በከሰል ላይ የተጣደ የናስ ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ፈልጉ። ካሃዋ ይሸጣል። መራራ ጥቁር ቡና ነው፣ ዝንጅብል ይገባበታል፣ ጆሮ በሌላት ትንሽ ሲኒ ይቀዳል። አብሮት ካሻታ አለ፤ ከኮኮናት ወይም ከኦቾሎኒ በስኳር የተሠራ ነው። እናትሽ «ይሄ ደግሞ ቡና ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ሁለተኛ ሲኒ ግን የሚጠይቁ ይመስለኛል።

እስቲ አሁን ወደ ምግቡ ልግባ፤ ትልቁ ስጋትሽ እሱ ይመስለኛልና። የሞምባሳ ምግብ በኮኮናት የሚሠራ ብዙ ነገር ስላለው ለጾመኛ የተመቸ ነው። ምባዚ የሚባል አለ፤ ከአተር ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ነው። ከማሃምሪ ጋር ቁርስ ላይ ይበላል። ማሃምሪ ሄል የገባበት ብስኩት መሳይ ጥብስ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ወተት ስለሚጨምርበት ይጠየቅ። ቪያዚ ካራይ የሚሉት ደግሞ ድንች በዱቄት ሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ነው፤ ከሮቃ መረቅ ጋር ይቀርባል። ልጆቹ ከቺፕስ ያስበልጡታል ብዬ እገምታለሁ። ባቄላ በኮኮናት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ የተጠበሰ ካሳቫ በሚጥሚጣና በሎሚ፣ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን አለ። ጎመኑ የኛውን ይመስላል፤ ግን ቅቤ እንዳይነካው ንገሪያቸው።

ሦስት ቃል ያዢ፦ «ቢላ ኛማ» ያለ ሥጋ፣ «ቢላ ማዚዋ» ያለ ወተት፣ «ቢላ ሳምሊ» ያለ ቅቤ። ቻፓቲ አንዳንድ ጊዜ በቅቤ ይጠበሳል። ፒላው ሩዝ ይመስላል እንጂ በሥጋ መረቅ የሚበስል ነው፤ እናትሽ እንዳይሳሳቱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በጉዞና በሙቀት ላይ እንዴት እንደሚያደርጉ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ያ የኔ ሥልጣን አይደለም።

ሥጋ የምትበሉ ቀን ደግሞ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። የስዋሂሊው ምግብ ቤት የሙስሊም ቤት ነው፤ ሥጋው በሙስሊም የታረደ ነው። ለቤታችሁ ይህ ጉዳይ ከሆነ ዓሣ ላይ ቁሙ። ዓሣውን በኮኮናትና በሮቃ ቀብተው በከሰል ይጠብሱታል፤ ከዚያ በኋላ ሥጋውን የሚያነሳ አይኖርም።

ለልጅቷ ሃለር ፓርክን አስቀምጪላት። ባምቡሪ ውስጥ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ሲያወጣበት የኖረ ራቁቱን የቀረ ጉድጓድ ነበር። ረኔ ሃለር የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ዛፍ መትከል ጀመረ። ብዙ ዓይነት ሞከረ፣ ብዙዎቹ አልበቀሉም። ጸንቶ የወጣው ሸውሸዌ ነው፤ የኛው ሸውሸዌ። ቅጠሉ ግን እየረገፈ ተቆለለ እንጂ አፈር ሊሆን አልቻለም። መፍትሔ የሆኑት ብዙ እግር ያላቸው ትሎች ናቸው። ቅጠሉን በሉት፣ ኩሳቸው አፈር ሆነ። አፈሩ ላይ ሌላው ዛፍ በቀለ፣ ከዛፉ በኋላ ወፉ፣ ቀጭኔው፣ ጉማሬው ገባ። ዛሬ ጫካ ነው። ቀጭኔ በእጅ ማብላት ይቻላል፤ ሰዓቱን መግቢያው ላይ ጠይቁ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ እናትሽም ይችሉታል።

እግረ መንገድሽን የኦወንን ታሪክ ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሰሞን፣ ማሊንዲ አካባቢ ከእናቱ የተለየ የጉማሬ ግልገል ባህር ላይ ተገኘ። አውጥተው ወደ ሃለር ፓርክ አመጡት። እዚያ ምዜ የሚባል ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ትልቅ ኤሊ ነበር። ግልገሉ ኤሊውን ተጠግቶ አልለይም አለ። አብረው ተኙ፣ አብረው በሉ። ዓለም ሁሉ ያየው ፎቶ የነሱ ነው።

ወደ ባህሩ እንመለስ። ባምቡሪ ላይ ጆሞ ኬንያታ የሚባል የሕዝብ ዳርቻ አለ። ብዙ ጎብኚ ጫጫታ ስለሆነ ይሸሸዋል። እኔ ግን እሑድ ከሰዓት እዚያ ሂዱ እላለሁ። የሞምባሳ ቤተሰብ ሁሉ ልጁን ይዞ ይወጣል። ግማሹ ሰው ልክ እንደናንተ ዋና አይችልም። የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ያከራያሉ፤ ሰው እሱን ወገቡ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ግመልም አለ። አፋርና ሶማሌ ክልል ሞልቶ የተረፈንን ግመል ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከፍሎ መቀመጥ ትንሽ ያስቃል፤ ልጅሽ ግን ለምና ትወጣለች፣ አትከልክያት።

ባህር ውስጥ የምትገቡ ሁሉ እግራችሁ ላይ ጫማ ይኑር። ፕላስቲክ ጫማ ይበቃል፤ እንዳይወልቅ ግን ከኋላው የሚታሰር ይሁን። ከድንጋዩ ሥር ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው ፍጥረቶች አሉ፣ ከተረገጡ የእረፍቱ ነገር አበቃ። ሪፉ ዘንድ ለመድረስ ባህሩ እየጎደለ ሳለ ሂዱ፤ መመለስ የሚጀመረው ገና ሳይሞላ ነው። ልጆቹን ውሃው ከወገባቸው በላይ እንዲደርስ አትፍቀዱ፤ ከአጠገባቸውም ትልቅ ሰው አይለይ። ከታች መስታወት ያላቸው ጀልባዎች ሪፉ ድረስ ይወስዳሉ፣ ዓሣውና ኮራሉ ከሥር ይታያል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለአምስታችሁም ካልሰጧችሁ አትሣፈሩ። «ምንም አይልም፣ ቅርብ ነው» ይላሉ። አትስሟቸው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ አለ፤ ኩሲ ይሉታል። ሙቀቱን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። አንዳንድ ቀን ግን የባህር ሣር አምጥቶ ዳርቻው ላይ ይከምራል። ፎቶው ላይ ያያችሁት ነጭ አሸዋ አንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ቆሻሻ አይደለም። በዚሁ ነፋስ ምክንያት ከሪፉ ውጪ ባህሩ ይናወጣል። ስለዚህ ዶልፊን እናሳያችሁ ብለው ወደ ዋሲኒ ደሴት ሊወስዷችሁ የሚመጡትን በዚህ ወቅት እምቢ በሏቸው። ታኅሣሥ ቢሆን እሺ እል ነበር። ጀልባ ለምዶ የማያውቅ ሰው ነሐሴ ላይ ዶልፊኑን ሳይሆን የገዛ ምሳውን ነው የሚያየው።

ዳርቻ ላይ ሻጮች ይመጣሉ። ጀልባ፣ የእንጨት ቅርጽ፣ ዶቃ፣ ሁሉም አለ። አይገፉም፤ ግን አይለቁም። ፈገግ ብለሽ «ሃፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) በዪና መንገድሽን ቀጥዪ። አንዴ ዋጋ ከጠየቅሽ ግን ግማሽ ሰዓት ሄደ። ጨርቅ መግዛት ከፈለግሽ ከተማው ውስጥ ቢያሻራ ጎዳና አለልሽ። ካንጋ እዚያ ይሻላል፤ ለጎረቤትም ለእህትም ቀላል ስጦታ ነው። ቅመም ከአጠገቡ ከማሪኪቲ ገበያ ግዢ።

ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ምሽት ልስጥሽ። ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ወደ ማማ ንጊና ዳርቻ ሂዱ። ከተማው ራሱ ውስጥ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መቀመጫ አለው። ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡት የኮንቴይነር መርከቦች በጣም ቀርበው ያልፋሉ። ልጅሽ ስልኩን የሚያወጣው ለመቅረጽ ይሆናል። ማዳፉ ግዙ፤ ለጋ ኮኮናት አናቱን በቆንጨራ ቆርጠው ይሰጧችኋል፣ ውሃው ይጠጣል፣ ሥጋው በማንኪያ ይበላል። ጾምም ነው።

የምትተዉትንም ልንገርሽ። ዲያኒ በጣም ያምራል፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ነው። ግን የሊኮኒ ጀልባ መሻገሪያው ግፊያ ነው፣ መወጣጫው ዳገት ነው፣ ለእናትሽ ጉልበት አልመክረውም። መሄድ ከፈለጋችሁ ሙሉ ቀን መኪና ይዛችሁ ብቻ። ፃቮ ፓርክም እንዲሁ። ዝሆኖቹ በቀዩ አፈር ተንከባለው ቀይ ሆነው ማየት ደስ ይላል፤ ሆኖም ሌሊት ተነሥቶ ማታ መመለስ ነው፣ የፓርኩ መግቢያም ለውጪ ሰው ውድ ነው። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቢሄዱ ይሻላል። ወይም ልጁን በሌላ መንገድ ካሱት፦ ስትመለሱ ከሞምባሳ ናይሮቢ በባቡር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ ነው፣ ወደ አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ፃቮን መሀል ለመሀል ያቋርጣል። ዕድል ካላችሁ ዝሆን ከመስኮቱ ይታያል። ቲኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ሰዓት ጨምራችሁ ውጡ፣ ፍተሻው ረጅም ነው። ስትሄዱ ግን ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በቀጥታ ብረሩ።

ከተማ ውስጥ የምትንቀሳቀሱት በባጃጅ ነው። እነሱ ቱክቱክ ይሉታል። ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ለአምስት ሁለት ትይዛላችሁ። ወይ በስልክ መተግበሪያ ጥሩ፣ ወይ ሳትሣፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ። ሞተር ሳይክሉን ተዉት። ከመሸ በኋላ ባዶ ዳርቻ ላይ አትራመዱ፤ ስልክና ቦርሳ ላይ ደግሞ እንደ መርካቶ ሁኑ።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ኢትዮጵያውያን ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። ሆኖም ኬንያ ከ2024 ወዲህ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ አምጥታ ደንቡን ደጋግማ ስለቀየረች፣ ከጉዞው በፊት አየር መንገዱን ወይም ኤምባሲውን ጠይቁ። የሁላችሁም የቢጫ ወባ ካርድ ይያዝ። የወባ ነገር ቀልድ አይደለም። የኬንያ ዳርቻ ወባ አለበት፣ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ለበሽታው እንግዳ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መከላከያ መድኃኒት ለልጅቷና ለእናትሽ የሚስማማውን እሱ ይወስናል። አጎበር ያለው ቤት ተከራዩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ከየት እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

የውጭ ምንዛሪውን ፓስፖርትና ቲኬት ይዛችሁ ከባንክ ጠይቁ፣ በመጨረሻው ሳምንት አይሁን። ኬንያ ስትደርሱ በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጡና ኤምፔሳ አስከፍቱ። ኮኮናት ሻጩም፣ ባጃጁም በሱ ይቀበላሉ። ትንንሽ ሽልንግም ኪስ ውስጥ አይጥፋ።

በመጨረሻ ሻንጣው። እናትሽ ሽሮና በርበሬ፣ ምናልባትም ድርቆሽ ቋጥረው እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራዪ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ግን በፌስታል እንዳይቋጥሩት። ኬንያ ፌስታልን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ አራት ዓመት እስራት ወይም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ይደርሳል። ለጎብኚ እስር ቤት ይከፈታል ማለቴ አይደለም፤ አየር ማረፊያው ላይ ግን ማስረከባችሁ አይቀርም። በርበሬው በክዳን ዕቃ ይሁን፣ ሽሮው በጨርቅ ከረጢት።